በምግብ ቧንቧ የተሰነቀረ ባዕድ ነገርና ሕክምናው፦ ከጎንደር አንጻር

በጎንደርና በአካባቢዋ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው አስቀድሞ የሚታከመው ማዕዱ ላይ ነው፤ እንጀራ ተጠቅልሎ ይጎረስለታል፣ ሙዝ ይውጣል፣ ማጅራቱን ይመታል። ልማዱ የቆየ ቢሆንም ሹል አጥንትን ይበልጥ ወደ ቧንቧው ግድግዳ ሊሰካ ይችላል፤ የሞላ ሆድም በኋላ አጥንቱን ለማውጣት የሚሰጠውን ማደንዘዣ አደገኛ ያደርገዋል።

የአዋቂ ሰው የምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከላይ አፉ ላይ፣ ዋናው ደም ቅዳና የግራው የአየር ቧንቧ ከሚጫኑት ቦታ እንዲሁም በድያፍራም (ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ) ከሚያልፍበት ላይ ይጠባል። ሕፃናት የሚውጡት ሳንቲም ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ጠባብ ቦታ ይቆማል፤ ልጁ ለሃጩን ያዝረከርካል፣ ምግብም እምቢ ይላል።

ራጅ ሳንቲሙን ከፊት ክብ አድርጎ ያሳያል፤ ቀጭን የዓሣ አጥንት ግን ሊያመልጠው ይችላል። ክብ የሰዓት ባትሪ በጠርዙ ድርብ ቀለበት ያሳያል፤ ባለሁለት ብረቱ የ1 ብር ሳንቲምም ሊያሳስት ስለሚችል ከጎን የተነሣ ራጅም ይታያል። ልዩነቱ ተራ አይደለም፤ ባትሪው በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ይችላል።

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ከዚያ ለሚላክ ሕፃን መንገዱ ብቻውን ይህን 2 ሰዓት ይበላዋል። ከ1 ዓመት በላይ የሆነና መዋጥ የሚችል ልጅ ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ ጉዞው ሳይዘገይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ማር የሚያቃጥለውን ኬሚካል ያለዝባል እንጂ ባትሪውን አያወጣም።

ማውጣቱ በአብዛኛው ቢላ አይጠይቅም። ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ መተንፈሻው በቱቦ ተጠብቆ፣ ሐኪሙ ግትር ወይም ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ (ውስጥን የሚያሳይ ቱቦ) በአፉ አስገብቶ ዕቃውን በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ሹል ጫፍ ካለው ወደ ኢንዶስኮፑ ቱቦ ውስጥ ስቦ ግድግዳውን ሳይቧጥጥ አብሮ ያወጣዋል። ይህ ሳይሳካ ሲቀር፣ ለምሳሌ ሽቦ ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ግድግዳውን ነክሶ ሲይዝ፣ ወይም ቧንቧው ሲቀደድ አንገት በአብዛኛው በግራ በኩል፣ ዕቃው ዝቅ ካለም ደረት ይከፈታል። ከወጣም በኋላ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ከአንገት ቆዳ ሥር የሚንኮሻኮሽ አየር ቧንቧው መቀደዱን ያመለክታል። ባትሪ ግን ከወጣ ሳምንታት በኋላም ዋናውን ደም ቅዳ ሊበሳ ስለሚችል፣ ደም ያስመለሰ ልጅ ጥቂትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለሳል።