ፎርክ ምንድን ነው? ኩባንያውና ማኅበረሰቡ ሲለያዩ

ፎርክ ማለት የአንድን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ኮድ እንዳለ ወስዶ፣ በሌላ ስምና በሌሎች ሰዎች አመራር በራሱ መንገድ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ፕሮጀክት ባለበት ይቀጥላል። አዲሱ እስከዚያች ቀን የተጻፈውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ዕቅዳቸውም ሰዎቻቸውም ለየቅል ናቸው።

ፕሮግራመሮች ኮድ በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ የተባለ ድረ ገጽ ላይም «ፎርክ» የሚል ቁልፍ አለ። የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ኮዱን ወደ ራሳችሁ ገጽ ትቀዱና፣ አስተካክላችሁ፣ መልሳችሁ ለባለቤቶቹ ትልካላችሁ። ያ የመተባበሪያ መንገድ ነው። ሊኑክስ በተባለው ኦፕን ሶርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓለም ሰዎች «ፎርክ እናደርገዋለን» ብለው ሲነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ቅሬታ አለ። ቅሬታው ደግሞ በብዛት በአንድ ኩባንያና ኮዱን አብረውት በጻፉ ሰዎች መካከል ነው። እዚህ የማወራው ስለዚህኛው ፎርክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መብቱ የመጣው ከፈቃዱ ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከ1992 ጀምሮ የሚሰራጨው ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ ነው። ማንም ሰው ኮዱን ማየት፣ መቀየርና ማሰራጨት ይችላል። ዋናው ግዴታ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ መስጠት ነው። ከዚያ በላይ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ኩባንያ የሶፍትዌሩን ስም፣ ድረ ገጹንና ደመወዝ የሚከፍላቸውን ሰዎች በእጁ ሊያደርግ ይችላል። አንዴ የለቀቀውን ኮድ ግን መልሶ ሊቆልፈው አይችልም።

ለእኔ የኦፕን ሶርስ ትልቁ ዋስትና ይሄ ነው። ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያ መገኘቱ ጥሩ ነው። ኮዱ መታየቱም ጥሩ ነው። ኩባንያው መንገድ ሲስት ኮዱን ይዞ መውጣት መቻሉ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ መብቱን መጠቀም እንኳ አያስፈልግም። ኩባንያው መብቱ እንዳለ ስለሚያውቅ ብቻ ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል።

ኩባንያዎች ጠላት ናቸው እያልኩ አይደለም። ዛሬ አብዛኛውን የከርነል ሥራ የሚሠሩት ደመወዝተኞች ናቸው። ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግል፣ ኤኤምዲና ሌሎችም ፕሮግራመሮችን ቀጥረው በሙሉ ሰዓት ያሠራሉ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭናችሁ ዋይፋዩ ወዲያው ሲሠራ፣ ከጀርባው ደመወዝ የተከፈለው ሰው የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ችግር የሚመጣው አንድ ኩባንያ ብቻውን ፕሮጀክቱን ሲይዘው ነው። በከርነሉ ይህ አይሆንም። የቅጂ መብቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና ድርጅቶች እጅ ተበትኗል። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ቢፈልግ እንኳ ፈቃዱን ብቻውን መቀየር አይችልም። ሌሎች ብዙ ፕሮጀክቶች ግን እንዲህ አልተሠሩም።

ኦፕንኦፊስን እንውሰድ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ስታርዲቪዥን የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ገዛና በቀጣዩ ዓመት የቢሮ ሶፍትዌሩን ኮድ ለሕዝብ ከፈተው። ኦፕንኦፊስ እንዲህ ተወለደ። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ደብዳቤ የሚጽፉበትና ሠንጠረዥ የሚሠሩበት ዋናው ፕሮግራም ሆነ። ነገር ግን ኮድ ለማበርከት የሚፈልግ ሰው የቅጂ መብቱን ለሰን የሚያጋራበት ውል መፈረም ነበረበት። ፓች (የኮድ ማስተካከያ) አስገብቶ እስኪጸድቅ ድረስም ብዙ መጠበቅ ነበር። ብዙዎች ተሰላቹ። ጎ-ኦኦ የሚባል የፓች ስብስብ ከዋናው ፕሮጀክት ውጭ ማደግ ጀመረ። ብዙ የሊኑክስ ዲስትሮዎች (ለመጫን የተዘጋጁ የሊኑክስ ዓይነቶች) «ኦፕንኦፊስ» ብለው ለተጠቃሚ የሚሰጡት ይህንኑ በፓች የዳበረውን ነበር። ማለትም መለያየቱ ስም ሳይወጣለት ቀድሞ ተጀምሯል።

በጃንዋሪ 2010 ኦራክል ሰንን ጠቅልሎ ገዛ። በዚያው ዓመት ኦፕንሶላሪስ የተባለውን የሰን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በክፍት መንገድ ማልማት አቆመ። የኦፕንኦፊስ ሰዎች ይህን አይተው ተራው የእነሱ እንደሆነ ጠረጠሩ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2010 ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን መመሥረታቸውን ይፋ አደረጉ። አዲሱን ሶፍትዌር ሊብሬኦፊስ አሉት። ስሙን ያወጡት ለጊዜው ብለው ነበር። ኦራክል እንዲቀላቀላቸውና የኦፕንኦፊስን ስም ለፋውንዴሽኑ እንዲሰጥ ጋበዙት። ኦራክል ግን እንቢ አለ። ጭራሽ ፋውንዴሽኑን የተቀላቀሉት ሰዎች ከኦፕንኦፊስ የማኅበረሰብ ምክር ቤት እንዲለቁ ጠየቀ። የጊዜው ስም በዚያው ጸና።

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነበር። የሊብሬኦፊስ የመጀመሪያው የጸና ስሪት በጃንዋሪ 2011 ወጣ። የጎ-ኦኦ ፓችም አብሮ ገባ። ትልልቆቹ ዲስትሮዎች ተራ በተራ ወደ ሊብሬኦፊስ ዞሩ። ኦራክል በዚያው ዓመት አጋማሽ ኦፕንኦፊስን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል የፈቃድ ልዩነት ትልቅ ነገር ወሰነች። የአፓቺ ፈቃድ ኮዱ ወደ ሌላ ፈቃድ እንዲገባ ይፈቅዳል። የሊብሬኦፊስ ፈቃድ ግን ወደ አፓቺ መግባት አይችልም። ስለዚህ ሊብሬኦፊስ ከኦፕንኦፊስ የፈለገውን እየወሰደ አደገ፤ ኦፕንኦፊስ በአንጻሩ ከሊብሬኦፊስ ምንም መውሰድ አልቻለም። በ2016 ኦፕንኦፊስ ሊዘጋ ይችላል የሚል ውይይት እዚያው ፕሮጀክቱ ውስጥ ተነስቷል። ስሙ ዝነኛ ነበር፤ የሚጽፉት ሰዎች ግን ሄደዋል።

ብዙ ኩባንያዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ፕሮጀክት ሲገዙ የሚገዙት ስምና የቅጂ መብት ነው። ኮዱ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የሚያውቁት፣ ሌሊት ተነስተው ስህተት የሚያርሙት ሰዎች በውሉ ውስጥ የሉም። ሲከፋቸው ይሄዳሉ። ኮዱም አብሯቸው ይሄዳል።

የሴንትኦኤስ ታሪክ ይለያል። ሬድ ሃት የሚሸጠው ምርት፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ፣ ኮዱ ለሁሉም ይለቀቅ ነበር። ሴንትኦኤስ ያንን ኮድ ወስዶ፣ የሬድ ሃትን ስምና ምልክት አንስቶ፣ መልሶ እየገነባ ያለ ክፍያ ያሰራጭ ነበር። በጥብቅ ከተናገርን ይህ ፎርክ አይደለም፤ ዓላማው አንድ ዓይነት መሆን እንጂ መለየት አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ሰርቨር በእሱ ይሠራ ነበር። በ2014 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስን በክንፉ ሥር አደረገው። ሠራተኞቹ ደመወዝ አገኙ፣ ፕሮጀክቱም ተረጋጋ። ብዙዎች እፎይ አሉ። በ2019 ደግሞ አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ።

ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አሳወቀ። እስከ 2029 እንደሚቆይ ነበር ሰው የሚያውቀው። በቦታው የሚቀጥለው ሴንትኦኤስ ስትሪም ነው ተባለ። ስትሪም ከሬድ ሃት ምርት ቀድሞ የሚሄድ፣ ነገ የሚወጣው ዛሬ የሚሞከርበት ነው። ያናደደው ለውጡ ራሱ ብቻ አይደለም። ሰባተኛው ስሪት እስከ 2024 አጋማሽ ሲቆይ ስምንተኛው ቀድሞት ሞተ። ቶሎ ወደ አዲሱ ያሻሻሉት፣ ያመኑት ሰዎች ተጎዱ ማለት ነው። በሕግ ሬድ ሃት የጣሰው ነገር የለም። የሰዎችን እምነት ግን ጎድቷል፣ ይህንን ለማየት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

መልሱ ወዲያው መጣ። የሴንትኦኤስ መሥራች ከሆኑት አንዱ፣ ግሬጎሪ ኩርትዘር፣ ሮኪ ሊኑክስን ጀመረ። ስሙ በሕይወት የሌለው የሴንትኦኤስ ባልደረባቸው የሮኪ ማክጎ መታሰቢያ ነው። ክላውድሊኑክስ የተባለ ኩባንያ ደግሞ አልማሊኑክስን ጀምሮ በማርች 2021 የመጀመሪያውን ስሪት አወጣ፤ አመራሩንም ለፋውንዴሽን ሰጠ። በጁን 2023 ሬድ ሃት ሌላ እርምጃ ወሰደ። የምርቱን ሙሉ ኮድ ለደንበኞቹ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ለሕዝብ የሚከፍተው የስትሪምን ኮድ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። ብዙ ሰው ይህ ጂፒኤልን ይጥሳል ብሎ ጮኸ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ጂፒኤል ኮዱን ስጡ የሚለው ፕሮግራሙን ለተቀበለ ሰው ነው፤ ለዓለም ሁሉ አይልም። አከራካሪው የደንበኝነት ውሉ ነው። ኮዱን መልሶ ያሰራጨ ደንበኛ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ይህ ከፈቃዱ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም በሚለው ላይ የሕግ ሰዎችም አይስማሙም። አልማሊኑክስ ከዚህ በኋላ ፍጹም ቅጂ መሆኑን ትቶ፣ ለሬድ ሃት የተሠሩ ፕሮግራሞች ሳይቀየሩ እንዲሠሩበት ማድረግ ይበቃኛል አለ። በእኔ ግምት ትልቁ ብልሃት እሱ ነበር። ቅጂ የነበረው የራሱን ስህተት ራሱ ማረም ጀመረ።

የቅርብ ዓመታቱ ፎርኮች ከሌላ ምክንያት ይነሳሉ፤ ከክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት። አንድ ትንሽ ኩባንያ ዳታቤዝ ጽፎ ይከፍታል። ግዙፉ የክላውድ አቅራቢ ወስዶ አገልግሎት አድርጎ ይሸጠዋል። ገንዘቡ ለግዙፉ፣ ድካሙ ለትንሹ ይሆናል። ቅሬታው እውነተኛ ነው፣ ማቃለል አልፈልግም። ኢላስቲክ በ2021፣ ሃሺኮርፕ በ2023፣ ሬዲስ በ2024 ፈቃዳቸውን ያጠበቁት በዚህ ወይም ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። ሦስቱም ፎርክ ተደረጉ። ከኢላስቲክ ምርት ከኢላስቲክሰርች ኦፕንሰርች ወጣ፣ ከሃሺኮርፕ ምርት ከቴራፎርም ኦፕንቶፉ፣ ከሬዲስ ቫልኪ።

የቫልኪ ፍጥነት ይገርማል። ሬዲስ ለውጡን ያሳወቀው ማርች 20 ነው። ማርች 28 ላይ ቫልኪ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቆመ። እነ አማዞን፣ ጉግልና ኦራክል ከጀርባው ተሰለፉ። ይህ የሆነው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም። ከሬዲስ ኮድ ዋና ኃላፊዎች ውስጥ የአማዞንና የአሊባባ ሠራተኞች ነበሩ። ኮዱን የሚያውቁ እጆች ዝግጁ ስለነበሩ ፎርኩ ከመጀመሪያው ቀን ሕይወት ነበረው። ኋላ ላይ ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤል የተባለውን የኦፕን ሶርስ ፈቃድ እንደ አማራጭ ጨምረው ወደ ኦፕን ሶርስ ተመለሱ። ፎርኮቹ ግን አልተዘጉም።

ይሁንና እዚህ ማኅበረሰቡ ብቻውን አሸነፈ ማለት አልችልም። ቫልኪን የደገፉት ያው ቅሬታ የተነሳባቸው ግዙፎች ናቸው። ከአንድ ኩባንያ ወጥቶ ብዙ ኩባንያዎች መሐል መግባት የተሻለ ነው። ነፃ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፎርክ ውድም ነው። ኮዱን መቅዳት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ግን የደኅንነት ስህተት ሲገኝ ሁለቱም ቤት መታረም አለበት። ዋናው በተለወጠ ቁጥር ለውጡን ማምጣት ወይም መተው መወሰን አለበት። ጉግል ለአንድሮይድ የቀየረውን ከርነል ለብቻው ይዞ ሲሄድ ይህን ቀምሷል። በ2010 የአንድሮይድ ኮድ ከዋናው ከርነል ወጣ። በ2012 መልሶ መግባት ጀመረ፣ ምክንያቱም ተለያይቶ መኖር ለጉግልም ለስልክ አምራቾችም ከባድ ሸክም ነበር። ሰው የሌለው ፎርክ ደግሞ በወራት ውስጥ ይደርቃል። ጊትሃብ በእንደዚህ ዓይነት የተሞላ ነው።

አንዳንዱ ፎርክ በዕርቅ ያልቃል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይር ፕሮግራም) በ1997 ሥራው ተንቀራፏል ያሉ ሰዎች ኢጂሲኤስ ብለው ፎርክ አደረጉት። በ1999 ፎርኩ ራሱ ዋናው ጂሲሲ ሆነ። ኖድ ጄኤስ የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያም በ2014 መጨረሻ ጆየንት የተባለው ኩባንያ ብቻውን ይመራዋል በሚል አዮ ጄኤስ ወጣበት። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ተዋሃዱ፤ አመራሩ ግን ከአንድ ኩባንያ ወጥቶ ወደ ፋውንዴሽን ሄደ። ለእኔ እንዲህ ያለው ፎርክ ከሁሉም የተሳካው ነው።

አንድ ፕሮጀክት ላይ ጊዜያችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት የማበርከቻ ውሉን አንብቡ። የቅጂ መብታችሁን ለአንድ ኩባንያ የሚሰጥ ወይም ኩባንያው ኮዳችሁን በፈለገው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ነገ ፈቃዱን የሚቀይረው ያ ኩባንያ ብቻውን ነው። የንግድ ስሙ የማን እንደሆነም ጠይቁ፤ ፎርክ ስታደርጉ የማይከተላችሁ እሱ ነው። ኮድ የማጽደቅ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ሁሉ የአንድ ቤት ደመወዝተኛ ከሆኑም ልብ በሉ። የሊኑክስ ከርነል ከ2004 ጀምሮ የሚጠይቀው አንድ መስመር ብቻ ነው። አበርካቹ ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው በስሙ ይፈርማል፤ የቅጂ መብቱ ከራሱ ወይም ከአሠሪው ጋር ይቀራል።