«መግቢያው ስንት ነው?» እና ሌሎች የሆንግ ኮንግ ጋለሪ ወሬዎች

ሆንግ ኮንግ ውስጥ እንጀራዬ በየጋለሪው ሥዕል መስቀል ነው። ድሪል፣ ውሃ ልክ፣ ጓንት፣ መሰላል። ኤግዚቢሽን ባለቀ ቁጥር የድሮውን አውርደን እናሽጋለን፣ አዲሱን እንሰቅላለን። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ዘመድ አንድ ቀን ሲተርፈው ጋለሪ አሳዪኝ ብሎ የሚደውለው ለኔ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተቀይሮ አያውቅም። «መግቢያው ስንት ነው?»

ነፃ ነው። ነፃ! ይህንን ስንቴ እንደመለስኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ትኬት የሚያስቆርጠው ሙዚየም ነው። ዌስት ካውሉን ላይ በ2021 የተከፈተው ኤም ፕላስ ለምሳሌ ያስከፍላል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ጋለሪ ግን ሱቅ ነው። ሱቅ ለመግባት ማን ይከፍላል?

«ሱቅ ነው» ስላቸው ደግሞ ሌላኛው ይመጣል። «እንግዲያው የማልገዛ ሰው ምን ልሠራ እገባለሁ?» ደሜ የሚፈላው ይሄኔ ነው።

አምና አጎቴ መጥቶ ነበር። መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሴንትራል ሰፈር ኤች ኩዊንስ የሚባል ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ አለ፤ በርካታ ጋለሪዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበውበታል። እዚያ ወሰድኩት። ሊፍቱ ተከፍቶ ነጩ ግድግዳ ሲታይ አጎቴ አልወጣም አለ። በሩን በእጁ ይዞ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ካሽ አልያዝኩም» አለኝ።

ስንት ሰው እንዲህ ሲል አይቻለሁ መሰላችሁ። አልፈርድባቸውም፣ ቦታው ያስፈራል። ጸጥ ያለ ነው። ዋጋ አልተለጠፈም። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን አታይም። ሰው የተናቀ ይመስለዋል። ልጅቷ ግን ኢሜይል እየመለሰች ነው። እየተከታተለች «ምን ልርዳዎት?» ብትል ነበር ክፋቱ። ዋጋ ከፈለጋችሁ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ እሷው ጋ አለ፣ ጠይቋት። ስለ ሠዓሊው የሚያወራውን ወረቀትም ውሰዱ፣ እሱም ነፃ ነው።

አሁን የሙያ ምሥጢር ላውጣ። ብዙ ሥዕል የሚሸጠው ገና እኔ ሳልሰቅለው፣ ለደንበኞች በኢሜይል በተላከ ፎቶ ነው። ስለዚህ ጫማውን እየጎተተ ከመንገድ የገባውን ሰው ማንም ገዢ ነው ብሎ አልጠበቀውም። ለምን በሩን ከፍተው ይቀመጣሉ ታዲያ? ያልታየ ሠዓሊ ስም አያወጣም። ተማሪው ያያል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ የሙዚየም ሰው ብቅ ይላል። ጎብኚ ለጋለሪ ጥቅም ነው። ውለታ የዋሉላችሁ አይምሰላችሁ።

ይህንን ሁሉ ለአጎቴ ሊፍት ውስጥ ቆሜ ነገርኩት። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው። «ሠዓሊው ስንት ያገኛል?» አብዛኛውን ጊዜ ከጋለሪው ጋር ግማሽ በግማሽ ነው አልኩት። «ደላላ ነው በይኛ!» አይደለም ጋሼ። ዕቃውን ተቀብሎ ሲሸጥ ይከፍላል፤ ካልሸጠ ይመልሳል። የቤቱን ኪራይ፣ ብዙ ጊዜም ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን የሚችለው እሱ ነው። አጎቴ የሴንትራልን ኪራይ ሲያስብ ራሱን ነቀነቀ። «ደፋር ነጋዴ ነው» አለና ከሊፍቱ ወጣ።

ከዚያ ምን ሲያይ እንደቆየ ልንገራችሁ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀለም ያልነካውን የሸራውን ጠርዝ። «ይሄ ጥጥ አይደለም» አለ። ልክ ነበር፣ ሊነን ነው፣ የተልባ ጨርቅ። ሳይነካ በዓይኑ ብቻ! ሃያ ደቂቃ ቆየን። ምን ትፈልጋለህ ያለው ሰው የለም።

ሌሎቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው።

«ለብሰን እንምጣ?» አትልበሱ። ስንት ሚሊዮን የሚከፍሉት ራሳቸው በቲሸርት ነው የሚመጡት።

«ፎቶ ክልክል ነው።» አብዛኛው ቦታ ያለ ፍላሽ ይቻላል። የሚከለከለው መንካት ነው። እባካችሁ ቦርሳ ከጀርባ አውርዱ፤ ወደ ኋላ ስትሉ የሚጠረገው እኔ የሰቀልኩት ነው።

«እሁድ እንሄዳለን።» እሁድ አብዛኞቹ ጋለሪዎች ዝግ ናቸው፣ ሰኞም እንደዚያው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ኑ። እሁድ ሴንትራል ውስጥ የምታዩት የፊሊፒንስ የቤት ሠራተኞች ካርቶን አንጥፈው ምሳ ሲበሉና ሲጫወቱ ነው። እሱም መታየት አለበት። የግድ እሁድ ከሆነ ታይ ኩን ሂዱ። የድሮ ፖሊስ ጣቢያና እስር ቤት ነው፣ በ2018 ታድሶ ተከፈተ። የሥነ ጥበብ አዳራሽ አለው።

«አድራሻው ተሳስቷል።» ይህንን የሚሉኝ ዎንግ ቹክ ሃንግ ከደረሱ በኋላ ነው። አልተሳሳተም። ሰፈሩ የፋብሪካና የመጋዘን ሕንፃ ነው፤ ኪራይ ስለሚቀንስና ጣሪያው ከፍ ስለሚል ጋለሪዎቹ እዚያ ገቡ። ከአድሚራልቲ ጣቢያ በባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ነው፣ መስመሩ በ2016 መጨረሻ ተከፍቷል። ካርቶን የጫነ ጋሪ ከሚገፋ ሰው ጋር በዕቃ ሊፍት መውጣት ያጋጥማል። እንዲህ ያለው ሕንፃ ውስጥ ከላይኛው ፎቅ ጀምራችሁ ውረዱ፣ ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ኢንተርኔት ላይ እዩ። በሁለት ኤግዚቢሽን መሃል ከሄዳችሁ የምታገኙት እኔን መሰላል ላይ ነው።

«ማርች ላይ ካልሆነ ዋጋ የለውም።» አርት ባዝል የሚባለው ትልቁ የሥዕል ገበያ ማርች ላይ ነው የሚመጣው፣ ትኬትም አለው፣ ግፊያም አለው። በሌላው ወር ሥዕሉን ብቻችሁን ታያላችሁ።

«የኛ ሰው ከዚህ ምን አገናኘው?» ጁሊ ምሕረቱ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ በ1970። ኦክቶበር 2023 ላይ አንድ ሥዕሏ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። አፍሪካ ውስጥ ለተወለደ ሠዓሊ በጊዜው ከፍተኛው የጨረታ ዋጋ ነበር። የት መሰላችሁ? እዚሁ ሆንግ ኮንግ፣ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ።

«እንዲህማ ልጄም ይሥላል» ለምትሉ መልስ የለኝም። ልጃችሁ ይሣል፣ እኔ እሰቅልለታለሁ።

አጎቴ አገር ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ስለ ዕቃው መድረስ አወራና፣ ሊዘጋ ሲል፣ «ያ ሥዕል ተሸጠ እንዴ?» አለኝ።

«ተሽጧል ጋሼ። እኛ ሊፍት ውስጥ ስንከራከር ተሽጦ ነበር።»