ወላጅ አሰልጣኝ በሰሜን ሸዋ የታዳጊዎች እግር ኳስ

ወላጅ አሰልጣኝ ማለት የገዛ ልጁ ያለበትን ቡድን የሚያሰለጥን አባት ወይም እናት ነው። በሰሜን ሸዋ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ታዳጊዎች ሲሰለጥኑ ቆም ብሎ ያየ ሰው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚጮኸው ከልጆቹ የአንዱ አባት ሆኖ ቢያገኘው አይገርመውም።

ልጆች እንዲሁ ለደስታ ሲጫወቱ ማን እንዳሰለጠናቸው የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚነሳው ውድድር ሲመጣ ነው። ዋንጫ አለ። ለወረዳ ወይም ለዞን ቡድን የሚመረጡ ልጆች አሉ። 11 ልጅ ሲሰለፍ ሌሎቹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያኔ አሰልጣኙ ልጁን ካሰለፈ ያስወራበታል፤ ካላሰለፈም ቤቱ ውስጥ ጣጣ አለ። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። አባት ቡድን ያሰልጥን። የገዛ ልጁን ቦታ ግን ሌላ ሰው ይወስን።

ቡድኑ ከየት ይመጣል

ብዙው ቡድን የሚጀምረው ከሰፈር ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ተጠቅጥቆ የተሠራ ኳስ፣ ጎል የሚሆኑ ሁለት ሁለት ድንጋዮች፣ ከዚያ «ገባ፣ አልገባም» የሚል ጭቅጭቅ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ይመጣና ደህና ኳስ ይገዛል። የስፖርት መምህር ሊሆን ይችላል። በወጣትነቱ ለቀበሌ ወይም ለፋብሪካ ቡድን የተጫወተ ሊሆን ይችላል። ወይም ልጁ ከሜዳ አልገባ ያለው አባት ነው። ቡድኑ ሥርዓት ሲይዝ «ፕሮጀክት» ይባላል። ከ13፣ ከ15፣ ከ17 ዓመት በታች እየተባለ በዕድሜ ይከፈላል። ማሊያው በወላጆች መዋጮ ይገዛል፤ ታኬታው ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በነፃ ነው።

ስለዚህ «አባቶች ከማሰልጠን ይውጡ» ማለት ቀላል ቢሆንም፣ እነሱ ሲወጡ ቡድኑም አብሮ ይፈርሳል። ይህን ረስቶ ስለ አድልዎ ብቻ ማውራት ልጆቹን ይጎዳል።

የአካባቢውም ጠባይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ልጆች ከትምህርት ነፃ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ሜዳው ጭቃ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። የደብረ ብርሃን ልጆች ለጨዋታ ወደዚያ ሲሄዱ ጣርማ በርን አልፈው፣ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ። ብርድ የለመደ ልጅ በዚያ ሙቀት ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። አብሮት ሄዶ ውኃ የሚያጠጣው፣ ለእናቱ «ደርሰናል» ብሎ የሚደውል፣ ማታ በሩ ድረስ የሚመልሰው ሰው ያስፈልጋል። ወላጆች ልጃቸውን በአደራ የሚሰጡት ለሚያውቁት ነው። ራሱም ልጁን ይዞ የሚጓዝ አባት ሲሆን ደግሞ ልባቸው ያርፋል።

በተለይ ሴት ልጆች ላይ ይህ እምነት ትልቅ ዋጋ አለው። ልጄ ከማን ጋር ነው የምትሄደው፣ ስንት ሰዓት ትመለሳለች የሚለው ጥያቄ ብዙ ተስፋ ያላት ልጅ ከበር እንዳትወጣ ያደርጋል። አሰልጣኙ የራሱን ልጅ ማሊያ አልብሶ ሲያሰልፍ ግን ጎረቤቱም «ያንቺ ጓደኛ ከገባች አንቺም ግቢ» ይላል። ሴት ልጁን የሚያሰልጥን አባት ለሌሎቹም በር ከፋች ነው። እናቶች ሲያሰለጥኑ እምብዛም አይታዩም። መምጣት አለባቸው ባይ ነኝ።

የኮች ልጅ መሆን

ስለ ወላጅ አሰልጣኝ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው አድልዎ ነው። አባት ለልጁ ማዳላቱ አይቀርም፣ አምበልነቱንም ቅጣት ምቱንም ለእሱ ይሰጣል፣ ሲሳሳትም ያልፈዋል ይባላል። አለ፣ አይካድም። ከዚህ የባሰው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ተቃራኒው ነው። «አዳላ» እንዳይባል የፈራ አባት በልጁ ላይ ይጨክናል። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያበላሽ «አይዞህ» ይላል፤ የራሱ ልጅ ሲያበላሽ ሜዳው ሙሉ እስኪሰማ ይጮህበታል።

የዚህን ምልክት ሜዳ ላይ ማየት ይቻላል። ልጁ ኳስ ሲነጠቅ አንገቱን ተመልከቱ። ሌሎቹ ልጆች የነጠቃቸውን ተጫዋች ተከትለው ይሮጣሉ። የኮች ልጅ ግን መጀመሪያ ዞሮ ዳር ላይ የቆመውን አባቱን ያያል፤ ከዚያ ነው የሚሮጠው። በዚያች ቅጽበት ኳሱ ሁለት ሰው አልፏል። አባትየው ይህን አይቶ «ምን ያዞርሃል!» ብሎ ደግሞ ይጮሃል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ አብዶ መሥራትም ሆነ ወደ ፊት መሞከር ይተውና ኳሷን በቅርቡ ላለው ሰው አቀብሎ ይገላገላል። ድፍረቱ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ሌላው ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ከአሰልጣኙ ይለያል። ቤቱ ገብቶ እናቱ «አሸነፋችሁ?» ብላ ጠይቃው ነገሩ ያበቃል። የኮች ልጅ ግን እራት ላይም ከአሰልጣኙ ጋር ነው። እንጀራው ቀርቦ ያቺ የሳታት ኳስ እንደገና ትነሳለች። በአካባቢያችን ደግሞ ልጅ ለአባቱ አይመልስም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እግሩን እያመመውም «ቀይረኝ» አይልም። አባቱ አሰልጣኝ ሲሆን ዝምታው እጥፍ ይሆናል። ጉዳት የሚባባሰውም በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በታች ተፎካካሪ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ያሉ ልጆችን፣ ያሰለጠኗቸውን አባቶችና የቡድን ጓደኞቻቸውን ጠይቆ ነበር። ልጆቹ ጥሩውንም መጥፎውንም ተናግረዋል። ከአባታቸው ጋር ጊዜ ማሳለፋቸውን፣ የተለየ ትምህርትና ማበረታቻ ማግኘታቸውን ወደውታል። ጫናው፣ ለስህተት የሚደርስባቸው ወቀሳና ስሜታቸውን አለመረዳቱ ደግሞ ከብዷቸዋል። አባቶቹም አባትነትንና አሰልጣኝነትን መለየት እንዳቃታቸው፣ ከልጃቸው ብዙ እንደሚጠብቁ አምነዋል። ሀገሩ ሌላ ነው፤ ሜዳችን ላይ ከሚታየው ጋር ግን ይገጥማል።

ሐሜቱና እድሩ

በትንሽ ከተማ አሰልጣኙ አሰልጣኝ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ነው፣ የእድር አባል ነው፣ ምናልባትም ክርስትና ያነሳ አበልጅ ነው። ልጁ ወንበር ላይ የተረሳበት አባት ፊት ለፊት ሄዶ «ለምን?» አይለውም፤ ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቅሬታው በሐሜት ይዞራል። አንድ ቀን ልጁ ከልምምድ ይቀራል፤ «ፈተና ደርሶበት ነው» ይባላል። በዚያው ይቀራል። አሰልጣኙ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አያውቅም። ተጎጂው ኳስ የሚወደው ልጅ ነው።

ለዚህ የሚያዋጣው ቅሬታ የሚነገርበትን መንገድ ውድድሩ ሳይጀመር ማበጀት ነው። ወላጆች ለመዋጮ ሲሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመረጥ። ልጃቸው ቡድኑ ውስጥ የሌለ አንድ መምህር ወይም የቀድሞ ተጫዋች ቢጨመርበት ይሻላል። ሽምግልና የምናውቀው ባህል ነው። ነገር ከተበላሸ በኋላ ከመጠራት ቀድሞ መቀመጥ ይቀላል።

ሌላ አገር እንዴት ነው

ወላጅ አሰልጣኝ በብዛት ካለባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በ1964 (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው የአሜሪካ ወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት በአብዛኛው የቆመው በበጎ ፈቃደኛ ወላጆች ላይ ነው። አንድ የታወቀ ደንብ አለው። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወታል። ይህች ደንብ የአሰልጣኙን ሥልጣን ትገድባለች፤ ልጁንም ከሐሜት ታድነዋለች። ውድድሩ ጠንከር ባለባቸው ክለቦች ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው አሰልጣኝ መቅጠር የተለመደ ነው።

ስለ አባትና ልጅ ሲነሳ ታላላቆቹ ይጠቀሳሉ። ቼዛሬ ማልዲኒ በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ የጣሊያን አሰልጣኝ፣ ልጁ ፓውሎ አምበል ነበር። ቦብ ብራድሌይ በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ልጁን ማይክልን ለአሜሪካ አሰልፏል። ዚነዲን ዚዳንም በ2016 ልጁን ኤንዞን ለሪያል ማድሪድ አጫውቶታል። እነዚህ ግን ለእኛ ጥያቄ መልስ አይሆኑም። ሦስቱም ልጆች ያኔ አዋቂዎች ነበሩ። ፓውሎማ አባቱ ብሔራዊ ቡድኑን ሳይይዝ ገና በ1988 ለጣሊያን ተሰልፏል። የ11 ዓመት ልጅ ያለበት ሁኔታ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ከእግር ኳስ ወጣ ብንል የኖርዌዮቹ ኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች አሉ። አትሌቲክስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃቸዋል። አባታቸው ያሰለጠናቸው ሦስት ወንድማማቾች ሦስቱም በ1,500 ሜትር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነዋል። ከአባታቸው ጋር መሥራት ያቆሙት በ2022 ነው። በ2023 ደግሞ አባታችን ኃይልና ማስፈራራት ይጠቀምብን ነበር ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አባትየው አስተባብሏል። በ2025 ፍርድ ቤት ከሦስቱ ታናሽ የሆነውን ያኮብን በሚመለከተው ክስ ነፃ ሲያወጣው፣ በሴት ልጁ ላይ በፈጸመው አንድ ድርጊት ግን ጥፋተኛ ብሎታል። ውጤት ስላለ ብቻ ቤቱ ሰላም ነው ማለት አይቻልም።

እውቀትና ዕድሜ

ልጅን መውደድ ማሰልጠን መቻል አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ጀምሮ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ እስከ ፕሮ ይደርሳል። አባቶች ሁሉ ኤ ይያዙ አይባልም። ግን ቢያንስ መነሻውን ሥልጠና ማግኘት አለባቸው። ምሳሌ ልስጥ። ለአዋቂ የሚሆነው ቁጥር 5 ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ለ10 ዓመት ልጅ ቁጥር 4 ይበቃዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በቴስታ እንዳይመቱ ተከልክሏል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ቴስታ እንዳይለማመዱ መመሪያ ወጥቷል። እኛ ጋ ግን ያገኘነውን ኳስ ወደ ላይ እየወረወርን ሕፃናቱን በግንባር እናስመታለን።

የዕድሜ ማጭበርበርም አለ። ለማሸነፍ ሲባል ጢም ያወጣ ልጅ «ከ15 በታች» ይባላል። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ዕድሜ በብዛት በወላጅ ቃል ነው የሚታወቀው። ወላጁ ራሱ አሰልጣኝ ሲሆን ደግሞ የሚጠይቀው የለም። እዚህ ላይ የዕድሜ ክፍሉን የሚያረጋግጠው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ምን ይደረግ

የአሰልጣኙን ልጅ አሰላለፍ፣ መቀየርና ለዞን ቡድን መታጨት ምክትል አሰልጣኙ ይወስን። ሁለት የዕድሜ ቡድን ባለበት ሁለት አባቶች ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ አንተ የእኔን፣ እኔ ያንተን። ከ13 ዓመት በታች ባለው ውድድር ሁሉም ልጅ ግማሽ ጨዋታ ይጫወት የሚለው ደንብ ቢገባ ብዙ ነገር ይቀላል፤ አዘጋጆቹ በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት ይችላሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁ ራሱ ካላነሳው አባት ስለ ጨዋታው አያንሳ።

ልጁንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ አንቀጽ 31 ደግሞ እንዲጫወት መብት ይሰጠዋል። አባት ፊት ለፊት ቢጠይቀው «ጥሩ ነው» ከማለት ውጪ ሌላ አይናገርም። እናቱ፣ አጎቱ ወይም መምህሩ ይጠይቀው። «አባትህ እያሰለጠነህ መቀጠል ትፈልጋለህ?» ሲባል መልሱ ከዘገየ፣ አባት የዚያን ዓመት ውድድር ጨርሶ ቡድኑን ያስረክብ።

13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው ግን ልጁ ቢፈልግም አባት ቢለቅ እመርጣለሁ። ፉክክሩ የሚጠነክረውና መራጮች ሜዳ መምጣት የሚጀምሩት ያኔ ነው። ልጁ በሌላ ሰው ዓይን መታየት አለበት። አባትየው ከቡድኑ አይጠፋም። መኪና የሚያፈላልግ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ሸዋ ሮቢት ድረስ አብሮ ወርዶ ልጆቹን በሰላም የሚመልስ የቡድን መሪ ሁልጊዜ ይፈለጋል።