የማስታወቂያ ኢሜይል ዲዛይን

የማስታወቂያ ኢሜይል ድርጅቶች ዕቃና አገልግሎታቸውን ለማስተዋወቅ ለደንበኞቻቸው የሚልኩት መልዕክት ነው። ዲዛይኑ ሲባል ቀለምና ፎቶ ብቻ አይደለም። የላኪው ስም፣ ርዕሱ፣ የጽሑፉ ርዝመት፣ የሚጫነው በተን፣ ከታች በትንንሽ ፊደል የሚሰፍረው አድራሻ፣ ሁሉም የዲዛይኑ አካል ነው። ከፖስተር የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዲዛይነሩ ሥራው ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ሙሉ በሙሉ መወሰን አይችልም። ያው ኢሜይል በጂሜይል አንድ ዓይነት፣ በአውትሉክ ሌላ ዓይነት፣ በአይፎን ደግሞ ሌላ መልክ ይዞ ይከፈታል። ሙያውን ከባድም ክቡርም የሚያደርገው ይሄው ነው።

አመጣጡ

እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ሲቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የንግድ ኢሜይል ተደርጎ የሚጠቀሰው በሜይ 1978 የተላከው ነው። ላኪው ጋሪ ተርክ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ውስጥ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደሚካሄድ የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ማሳያ እንዲመጡ ለ400 ያህል የአርፓኔት (ከኢንተርኔት በፊት የነበረው፣ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ኔትወርክ) ተጠቃሚዎች አንድ መልዕክት ለቀቀባቸው። ዲዛይን የሚባል ነገር አልነበረውም። ጽሑፉ በሙሉ በትልልቁ የላቲን ፊደል ነው። የተቀባዮቹ ብዛት ፕሮግራሙ ከሚችለው በላይ ስለሆነም የተረፈው የአድራሻ ዝርዝር መልዕክቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። አንባቢው ከማስታወቂያው በፊት ያየው የሰው አድራሻ ነበር። ቁጣው ወዲያው መጣ። የኔትወርኩ አስተዳዳሪዎችም ኔትወርኩ ለመንግሥት ሥራ ብቻ መሆኑን አስታወሱ። ተርክ ግን በዚያ መልዕክት የ13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ አገኘን ይላል። ቁጥሩ የራሱ የሻጩ ነውና ትንሽ ቀንሶ መስማት ይሻላል።

ፎቶና ያጌጠ ጽሑፍ በኢሜይል ለመላክ መንገዱን የከፈተው በ1992 የወጣው ማይም የተባለው ስታንዳርድ ነው። በ1994 ሁለት የአሪዞና ጠበቆች ዩዝኔት በተባለው የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የውይይት ቡድኖችን በአንድ ማስታወቂያ አጥለቀለቁ። ነገሩ ኢሜይል ባይሆንም የስፓም፣ ማለትም ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ መልዕክት ታሪክ ሲነሳ አይዘለልም። ማስታወቂያው ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ፣ ማለትም እኛ ዲቪ ስለምንለው መሆኑ ለሐበሻ አንባቢ ፈገግ ያሰኛል። በ1996 በድረ ገጽ የሚከፈተው ነፃ የኢሜይል አገልግሎት ሆትሜይል መጣ። በ2001 አትላንታ ላይ የተመሠረተው ሜይልቺምፕ ኮድ የማያውቅ ባለሱቅም የሚያምር ኢሜይል እንዲልክ አስቻለ። የሶፍትዌር ድርጅቱ ኢንቱይት በ2021 በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማማ።

ማማር ወይስ መሸጥ

በዚህ ክርክር ሁሌም የሚነሳው ምሳሌ የባራክ ኦባማ የ2012 የምርጫ ዘመቻ ነው። ፖለቲካ ነው እንጂ ብራንድ አይደለም የሚል ይኖራል። ሥራው ግን አንድ ነው። ዘመቻው በኢንተርኔት ከሰበሰበው 690 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አብዛኛው የመጣው በኢሜይል ነው። ቡድኑ የአንድን ኢሜይል ብዙ ዓይነት ርዕስና ጽሑፍ ለጥቂት ሰዎች ይልክና የተሻለውን ለቀሪዎቹ ይለቃል። ተቀናቃኜ ከእኔ በላይ ገንዘብ ያወጣል የሚል ሐሳብ ያለው አንድ ርዕስ ብቻውን ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ወዳጅ ለወዳጁ የጻፈው የሚመስል፣ ሰላምታ ብቻ የሆነ አጭር ርዕስም በጣም ተሳካ። ዲዛይነሮችን ያሳፈረው ግን ሌላው ግኝት ነው። በቢጫ የተቀለመ፣ ዓይን የማይስብ አስቀያሚ ጽሑፍ ካጌጠው የበለጠ ገንዘብ አመጣ። አስቀያሚነቱም ሲለመድ ጉልበቱ ይቀንስ ስለነበር ሙከራው አላቆመም።

ከዚህ ተነስቶ ዲዛይን አያስፈልግም ማለት ግን ስህተት ነው። ጫማ ወይም ጌጥ የሚሸጥ ሰው ፎቶ ያስፈልገዋል። ቁም ነገሩ አንድ ኢሜይል አንድ ጥያቄ ይዞ መሄዱ ነው። አምስት በተን ያለው ኢሜይል አንባቢውን ግራ ያጋባል፤ አንዱንም ሳይጫን ይወጣል።

ከጀርባ ያለው ሥራ

የኢሜይል ኮድ ከድረ ገጽ ኮድ ወደኋላ የቀረ ነው። ዋናው ተጠያቂ አውትሉክ 2007 ነው። ማይክሮሶፍት ያኔ ኢሜይሉን የሚያሳየውን የፕሮግራሙን ሞተር በጽሑፍ መጻፊያው በወርድ ሞተር ተካው፤ እሱ ደግሞ የድረ ገጽ ኮድን በደንብ አያሳይም። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች እስካሁን ገጹን በሠንጠረዥ ይሠራሉ፤ ስፋቱን 600 ፒክስል አካባቢ ያደርጋሉ። በተኑ ፎቶ ሳይሆን በኮድ የተሠራ መሆን አለበት፤ ፎቶ ከታገደ በተኑም አብሮ ይጠፋልና። ለእያንዳንዱ ፎቶ፣ ፎቶው ካልታየ በቦታው የሚነበብ ምትክ ጽሑፍ ይጻፋል። ማየት የተሳናቸው አንባቢዎችም የሚሰሙት እሱን ነው። ጥቁር ሎጎ ከጀርባው ቀለም ሳይኖረው ከተላከ ስልኩን በጨለማ ገጽታ የሚጠቀም ሰው ባዶ ቦታ ያያል።

ጂሜይል ኮዱ ከ102 ኪሎባይት ሲያልፍ ኢሜይሉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ክፍል ብዙ ጊዜ ከምዝገባ የመውጫውን ሊንክ ይዞ ይሄዳል። መውጫ ያጣ አንባቢ ደግሞ ስፓም የሚለውን ይጫናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ኢሜይል ወደ ጂሜይል የሚልኩ ድርጅቶች ማንነታቸውን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡ፣ በአንድ ክሊክ መውጫ እንዲሰጡና የስፓም አቤቱታቸው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። ያሁም ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለው ቁጥር ከ2021 ወዲህ ብዙ አያስተማምንም። አፕል ባመጣው የግላዊነት መከላከያ ምክንያት ሰውየው ሳያነበው ኢሜይሉ እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። ክሊክና ሽያጭ መቁጠር ይሻላል።

ሕጉ

አሜሪካ ሕጓን በ2003 አወጣች። ላኪው የፖስታ አድራሻውን እንዲያሰፍር፣ አልፈልግም ያለውንም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲያወጣ ታዛለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የግል መረጃ ደንብ በፈቃድ ጉዳይ ጠበቅ ያለ ነው። በኢትዮጵያም ነገሩ ክፍት አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ እንዲሁም ቀላል መውጫ ካለው ግን አያስቀጣም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በዚህ ላይ ተጨምሯል።

በአማርኛ ሲሠራ

አገር ቤት ያለው ነጋዴ በአብዛኛው የሚሠራው በቴሌግራምና በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ነው። ኢሜይል ይበልጥ ቦታ ያለው ውጭ አገር ካሉ ደንበኞች ጋር ነው። የተለመደው ጥፋት ለቴሌግራም የተሠራውን ፖስተር እንዳለ ኢሜይል ውስጥ መለጠፍ ነው። የሚያምረው የአማርኛ ጽሑፍ ፎቶ ውስጥ ስለሆነ ፎቶው ካልተከፈተ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ልኮ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ባለው ፎንት ቢታይ ይሻላል። በድሮው ዊንዶውስ ላይ ኒያላ፣ በአዲሱ ኤብሪማ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ይሆናል። ፊደላችን ዝርዝሩ ብዙ ስለሆነ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ይጨፈለቃል። ከላቲኑ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ በመስመሮች መካከልም አየር መተው ያስፈልጋል። አንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ስለሚወስድ ረጅም የአማርኛ ኢሜይል ወደ ጂሜይል መቁረጫ ቶሎ ይጠጋል።

የቀን አቆጣጠሩም አለ። የመላኪያ ፕሮግራሞቹ እንቁጣጣሽን አያውቁም። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ በየአራት ዓመቱ ግን 12 ላይ ይውላል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ቅናሹ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው የሚል ኢሜይል ዋሽንግተን ያለ ሰው ቢደርሰው የአገር ቤቱ ሰዓት ይሁን የፈረንጁ፣ የአዲስ አበባ ይሁን የእሱ ከተማ አያውቅም። የከተማውን ስም ጠቅሶ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አንድ ተጨማሪ መስመር ቢወስድ ነው።