6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጦር፦ የሰባት ሚሊዮን ሰው አድራሻ የያዙ ሴቶች

6888ኛው ሻለቃ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የወታደሮችን ደብዳቤ ለይቶ ለባለቤቱ እንዲያደርስ ወደ አውሮፓ የተላከ የአሜሪካ ጦር ክፍል ነው። አባላቱ 855 ሴቶች ነበሩ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን። ከአሜሪካ ጦር የሴቶች ክፍል ባሕር ተሻግሮ ያገለገለ ሌላ የጥቁር ሴቶች ሻለቃ ጦር የለም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጦር አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዛሬ ቤልጂየም የሰፈረ ክፍል በሳምንቱ ጀርመን ድንበር ላይ ይገኛል። የቆሰለው ሆስፒታል ይገባል፣ ሌላው ይዛወራል። ከቤት የተጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ከኋላ ከኋላ ሲከተል መንገድ ላይ ይቀራል። በ1945 መጀመሪያ በእንግሊዟ በርሚንግሃም መጋዘኖች ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረው ደብዳቤና ጥቅል ወደ 17 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል። ሁለት ዓመት የቆየም ነበረበት። ለገና የተላከው ኬክ ሻግቶ የአይጥ ሲሳይ ሆኗል።

ሴቶቹ እዚያ ለመድረስ ብዙ ተሟግቶላቸዋል። የጥቁሮች መብት ተሟጋቿ ሜሪ ማክሊዮድ ቤትዩን፣ ጥቁር ሴቶችም ባሕር ማዶ ይላኩ ብላ ወተወተች፤ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልትም ደገፈቻት። ጆርጂያ ውስጥ ሠልጥነው በየካቲት 1945 በመርከብ ተነሡ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በተከተሉት ጉዞ ስኮትላንድ ደረሱ፤ ከዚያ በባቡር ወደ በርሚንግሃም።

መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም። የአየር ድብደባ ተፈርቶ መስኮቱ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። ሴቶቹ ወፍራም ጃኬት ደራርበው በሦስት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ሠሩ።

የሥራው ልብ ካርዱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ አሜሪካዊ፣ ወታደርም ይሁን ሲቪል ሠራተኛ፣ አንድ የአድራሻ ካርድ አዘጋጁለት። በድምሩ ወደ ሰባት ሚሊዮን ካርድ! ሰውየው ሲዛወር ካርዱ ይታረማል። ስም ብቻውን አይበቃም። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ብቻ 7,500 ነበር። በእኛ አገር አበበ ከበደን በስሙ ብቻ ለመፈለግ የሞከረ ሰው ችግሩ ይገባዋል። ስለዚህ በወታደራዊ መለያ ቁጥር ይለያሉ። «ለጁኒየር፣ የአሜሪካ ጦር» የሚል ፖስታም ይመጣል፤ ከላኪው አድራሻ ተነሥተው ጁኒየር ማን እንደሆነ ያፈላልጋሉ። ከሁሉ የሚከብደው ተቀባዩ የሞተበት ደብዳቤ ነው። እሱን ለላኪው መመለስም የእነሱ ሥራ ነበር።

በአንድ ፈረቃ 65,000 ያህል ደብዳቤ ያልፍ ነበር። ስድስት ወር የተሰጣቸውን ሥራ በሦስት ወር ጨረሱት። ይህን የምቆጥረው ከማንኛውም የጦር ሜዳ ጀብዱ እኩል ነው። ሚስቱ መውለዷን ሳይሰማ ወራት የከረመ ወታደር ምን ያህል ልቡ እንደሚሰበር አስቡት። ሴቶቹም መፈክራቸው «ደብዳቤ ከሌለ ሞራል ይወርዳል» የሚል ነበር።

አዛዣቸው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ስትሆን፣ ያኔ ገና 26 ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጄኔራል ለጉብኝት መጥቶ ሁሉም አባላት አለመሰለፋቸውን አየ። ገሚሶቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ገሚሶቹ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ተኝተዋል። «ክፍሉን እንዴት እንደሚመራ የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልካለሁ» አላት። «በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ነው፣ ጌታዬ» ብላ መለሰች። ጄኔራሉ በጦር ፍርድ ቤት ሊከሳት አስቦ ነበር፣ በኋላ ግን ተወው። ለጥቁር ሴቶች ብቻ ተብሎ ለንደን ውስጥ የተዘጋጀውን ማረፊያም አንቀበልም ብለው አባላቷ አልረገጡትም።

ከበርሚንግሃም በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ፤ መጀመሪያ ሩዋን፣ ቀጥሎ ፓሪስ። ሩዋን ሳሉ በሐምሌ 1945 ሦስት አባላት በጂፕ አደጋ ሞቱ። ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብ ከመንግሥት ስላልመጣ ጓደኞቻቸው አዋጥተው ቀበሯቸው። ሦስቱ ዛሬ ኖርማንዲ በሚገኘው የአሜሪካ ወታደሮች መካነ መቃብር ነው ያረፉት። ከ9,000 በላይ መቃብር ባለበት በዚያ ስፍራ የሴት መቃብር አራት ብቻ ነው።

ክፍሉ በ1946 አገሩ ገብቶ ኒው ጀርሲ ውስጥ ተበተነ። ሰልፍ አልተደረገለትም፣ አቀባበልም አልነበረም። አዳምስ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ አግኝታ ከጦሩ ተሰናበተች፤ በ2002 አረፈች። በካንሳስ ፎርት ሌቨንወርዝ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው በ2018 ነው። በ2022 ደግሞ የኮንግረሱ የወርቅ ሜዳሊያ በሕግ ተፈቀደላቸው። ሜዳሊያው በሚያዝያ 2025 ዋሽንግተን ውስጥ ሲሰጥ፣ የአዳምስ ልጆች እናታቸውንና የሙያ ጓደኞቿን ወክለው ተቀበሉ።