እግሩ ቀንቶ ሳለ የብረቱ ጫማ ለምን?

በቆልማማ እግር (ከልደት ጀምሮ ወደ ውስጥ በተጣመመ እግር) ሕክምና ወላጆችን በጣም የሚያደናግረው የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። ጄሶው ወጥቷል፣ የልጁ እግር ቀንቷል። ታዲያ በብረት የተያያዘ ጫማ፣ ያውም በቀን 23 ሰዓት፣ ለምን?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የሚቀየረው ጄሶ እግሩን ቀስ በቀስ ያቀናዋል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የተረከዙ ጅማት ይቆረጣል። (አይዟችሁ፣ ትንሽ ቀዶ ጥገና ናት፤ ጅማቱ በ3 ሳምንት ገደማ ረዝሞ ይገጥማል።) ግን እግሩን ያጣመመው ጉተታ ልጁ እያደገም አይተወውም። ጫማው ከሌለ መልሶ ሊቆለመም ይችላል።

23 ሰዓቱ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ ነው። ቀሪዋ 1 ሰዓት ለገላ መታጠቢያ ናት። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም ሲተኛ ብቻ ያደርገዋል፣ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ። የሚያሳዝነው እዚህ ጋ መዘናጋታችን ነው። ልጁ መሮጥ ሲጀምር "ድኗል" ተብሎ ጫማው ይጣላል።

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ጅማ ድረስ መመላለስ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ጫማው ከጠበበው ወይም ካቆሰለው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቶሎ አምጡት። እግሩ መልሶ ከተቆለመመ እንደገና ጄሶ፣ አንዳንዴም ጅማት የማዛወር ከበድ ያለ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።