ኦፕን ሶርስ ለሚሠራ ሰው ይከፈል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉት የሶፍትዌር ቢሮዎች፣ «ድርጅቶች ለኦፕን ሶርስ ዴቨሎፐሮች ይክፈሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቡና ላይ በተነሣ ቁጥር የሚሰሙት መልሶች ያው ናቸው። (ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ሶፍትዌር ነው።)

«ላይሰንሱ ክፈሉ አይልም፤ ስለዚህ አይመለከተንም።»
ግማሹ እውነት ነው። ኤምአይቲን የመሰለ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለመክፈላችሁ የሚከሳችሁም የለም። ግን ያው ላይሰንስ ሶፍትዌሩ ምንም ዋስትና እንደሌለውም ይናገራል። ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ ደውላችሁ የምትቆጡት ሰው የለም።

«ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት የሚንከባከበው አይጠፋም።»
ብዙ ጉዳት ያመጣው ይኼ ነው። በፈረንጆቹ 2014 በኢንተርኔት የሚላከውን መረጃ በሚስጥር በሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የዓለም ባንኮችና ድረ ገጾች የተማመኑበት ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው ብቻ።

ትምህርት ተወስዷል ብለን ነበር። በ2024 ግን ኤክስዚ በተባለ ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ሰርጎ መግቢያ ድብቅ መንገድ) ተገኘ። ፕሮጀክቱን ለዓመታት ያለክፍያ በትርፍ ጊዜው የያዘው ሰው ተሰላችቶ ነበር፤ የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረውም በግልጽ ጽፏል። ሌሎች «ምነው ዘገየህ?» እያሉ ይወተውቱታል። በዚህ መሀል አንድ «ረዳት» ብቅ አለ፤ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ ከታመነ በኋላ ተንኮሉን ሸጎጠ። ይህን ያጋለጠው፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ያልተዋጠለት፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አንድ ዴቨሎፐር ነው፤ እሱ ደግሞ ደመወዝተኛ ነው። ገንዘብ ሁሉን ይፈታል አልልም። ሁለተኛ የታወቀ ሰው ለመቅጠር ግን ይበቃ ነበር።

«ጊትሃብ ላይ ኮከብ ሰጥተናል።»
ኮከብ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የ«ወደድነው» ምልክት ነው። በኮከብ የቤት ኪራይ አይከፈልም።

«ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው።»
የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነውን የከርነሉን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እንደ ኢንቴል፣ ሬድ ሃትና ጉግል ያሉ ድርጅቶች ተቀጣሪዎች ናቸው። ጤና ሚኒስቴራችን መረጃ የሚሰበስብበትን ዲኤችአይኤስ2ንም የሚያለማው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደመወዝ ይከፈለዋል። አልተበላሹም።

«ዶላር ከየት ይምጣ?»
ምንዛሪው ችግር መሆኑን ማን ይክዳል? ግን የሠራተኛ ሰዓትም ክፍያ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰሉ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪዎችን (ዝግጁ የኮድ ስብስቦችን) ውሰዱ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ በ2019 ትደግማለች። የቀን መምረጫው 5 ላይ ከቆመ በዚያ ቀን ደረሰኝ አይቆረጥም። ልማዳችን ስህተቱን በራሳችን ኮፒ ላይ አርመን ዝም ማለት ነው፤ ከፎቅ በታች ያለው ቢሮም ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ያርማል። እርማቱን ከነቴስቱ ወደ ዋናው ፕሮጀክት መላክ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የሚሠራው ልጅ ደመወዝም በብር ነው።